ከክለብ በፊት ሜዳ!

«ከነማ» ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ስሙ ክለቡ የነዋሪው ነው ይላል። በተግባር ግን አብዛኛው የከተማ ክለብ የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀት ሲያጥር ወይም አመራር ሲቀየር ክለቡም አብሮ ይናጋል።

ይህን የማነሳው ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አስቤ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወደ ጎንደር ወስዷል። ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተጫውቷል። የእኛ አካባቢ ወጣት «እኛስ መቼ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ ወጪው። በ2011 ለተጫዋቾች የተቀመጠው የደመወዝ ጣሪያ በወር 50,000 ብር ነበር። ያኔም ቢሆን አንድ ተጫዋች ብቻ በዓመት 600,000 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በትንሽ ከተማ ስንት የታዳጊ ፕሮጀክት ያቋቁም ነበር?

ሁለተኛ፣ ቡድኑ ፕሪሚየር ሊግ ቢገባ እንኳ ሕዝቡ በደጁ ላያየው ይችላል። ከ2013 ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ተካሂዷል። ብሔራዊ ቡድናችንም የባሕር ዳርን ጨምሮ ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው «የሜዳውን» ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ሲያደርግ ኖሯል።

ታዲያ ምን ይቅደም? ሜዳ! ከተማ ሲሰፋ ቶሎ የሚሸነሸነው ባለቤት የሌለው የሚመስለው የሰፈር ሜዳ ነው። እያንዳንዱ የቀበሌ ሜዳ በስፖርት ማዘውተሪያነት ካርታ ይውጣለት። ቀጥሎ የቀበሌ ለቀበሌ ውድድር፣ የታዳጊዎች ፕሮጀክትና የሴቶች ቡድን ይምጣ። የገጠሩም ልጅ አይረሳ። ኳስ ሳይመጣ በፊት በገና ጨዋታ መንደር ከመንደር ሲገጥም የኖረ አገር ነው።

ገንዘቡስ? ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ አላት። የአገራችንን ኳስ ካቆሙት መካከል የመሥሪያ ቤት ቡድኖች አሉበት። መብራት ኃይልንና የድሬዳዋውን የጥጥ ፋብሪካ ቡድን አስታውሱ። በ2016 ዋንጫውን ያነሳውም ንግድ ባንክ ነው። በሠራተኞች መካከል የሚደረግ ውድድር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ነገ ክለብ የሚወጣውም ከዚያ ነው።

«ሰው እየሞተ ስለ ኳስ ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልሉ ያየውን መከራ ለናንተ አልነግራችሁም። ስሟ «የሰላም መንገድ» የሆነችው ፍኖተ ሰላምም አልቀረላትም። ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋና መንገድ ሲቆረጥ የ15 ዓመት ልጅ የት ይዋል? ጠመንጃ ያነገበ ሁሉ የሚፈልገው እሱን አይደለም ወይ?

ስለዚህ ሁለት ነገር አጥብቄ እላለሁ። ሜዳው የማንም ታጣቂ ካምፕ አይሁን። ውድድርም «ሰላም ሰፍኗል» ለማሰኘት ለካሜራ ተብሎ አይዘጋጅ። ልጆቹ በደኅና ገብተው በደኅና መውጣታቸው ካልተረጋገጠ ጨዋታው ይቅር።

ካርታ ማውጣት ግን ሰላም እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የፈረሰ ክለብ እንደገና ይቋቋማል። ቤት የተሠራበት ሜዳ ግን ተመልሶ ሜዳ ሲሆን አላየንም።