የአንጎል ፎቶግራፍ እስኪነሣ አንጠብቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ከልጅነታችን ጀምረን እንተርታለን። ነገር ግን ሕመሙ የአእምሮ የሆነ እንደ ሆነ፣ ደባቂዎቹ እኛ ጤነኞቹ ነን። ይህን የምለው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም፤ እኔ ራሴ ከደባቂዎቹ አንዱ ስለ ነበርሁ ነው።

የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥ፣ በሒሳብ ከክፍሉ ሁሉ የሚበልጥ ጓደኛ ነበረኝ። ከገና በኋላ እንቅልፍ አጣ፤ ከሰውም ራቀ፤ ቀጥሎም «በመስኮቱ በኩል ስሜን እየጠሩ ይሰድቡኛል» ይል ጀመር። እኛም «ፈላስፋው» የሚል ስም አውጥተን ሳቅንበት። ቤተሰቦቹ ከጎረቤት ሸሸጉት። ሐኪም ዘንድ የደረሰው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ስለ አንጎል ስንማር ይህ ነገር ተነሣና ከጓደኞቼ አንዱ፣ «የተሰበረ አጥንት በራጅ ይታያል፤ ያልታየ ሕመም ግን እንዴት ይታመናል?» ሲል ተከራከረ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

በእርግጥ ዛሬ አንጎል ሳይከፈት ይታያል። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ በብርቱ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ፖል ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 በአሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ ገና በልጅነታቸው ስኪዞፍሬንያ የያዛቸውን 12 ወጣቶች ከ12 ጤነኞች ጋር በአምስት ዓመት ውስጥ እየደጋገሙ አንሥተው አስተያዩ። ግራጫው የአንጎል ክፍል በጉርምስና ጊዜ በጤነኛውም ዘንድ በመጠኑ ይሳሳል፤ በታመሙት ግን መሳሳቱ እጅግ ፈጥኖ፣ ከዐናት በኩል ተነሥቶ ወደ ጎንና ወደ ፊት ሲዛመት ታየ።

እንግዲህ ሕመሙ የስንፍና ወይም የጥጋብ ፍሬ አለመሆኑን ፎቶግራፉ መስክሯል። ሆኖም ያ የብዙዎች አማካይ ነው እንጂ የአንዱን ልጅ ዕድል አይናገርም። እስከ ዛሬም ሐኪም ስኪዞፍሬንያን የሚለየው ታማሚውንና ቤተሰቡን ጠይቆ፣ ጠባዩንም አስተውሎ ነው።

ደግሞስ ሕክምናው ፎቶግራፍን መቼ ጠበቀ? ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1952 ነው። የሕመምተኛ አንጎል በሲቲ መሣሪያ መጀመሪያ የተነሣው ግን በለንደን በ1971 ነው። በአገራችንም በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች በቡታጅራ ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲጠይቁ፣ ካገኟቸው የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። የጐደላቸው ፎቶግራፍ ሳይሆን አይቶ ወደ ሐኪም የሚወስዳቸው ሰው ነበር።

ጠበል መሄድን አልነቅፍም፤ ጠበሉም ሐኪሙም በአንድነት ይሁኑ። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነውና፣ ከመምህርም ከወላጅም አስቀድሞ የሚያየው አብሮ የሚቀመጥ ጓደኛ ነው። ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ጓደኛችሁ ሲለወጥ ስታዩ ስም አታውጡለት፤ ለሚያምነው ታላቅ ሰው ተናገሩለት፤ ሐኪም ቤትም አብራችሁት ሂዱ።

ጓደኛዬ መድኃኒቱን እየወሰደ ዘንድሮ ወደ ዐሥረኛ ክፍል ተመልሷል። እኛ ግን ዐሥራ ሁለተኛን እንጨርሳለን። በመካከላችን ያሉት ሁለት ዓመታት የሕመሙ ብቻ ሳይሆኑ የሳቃችንም ዋጋ ናቸው።