ለመምህሯ «ሚስ»፣ ለጥበቃው «አንተ»

አዲስ አበባ ውስጥ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ ደንቡን ያውቀዋል። ሴቷ መምህር «ሚስ»፣ ወንዱ «ሚስተር» ይባላሉ። የሦስት ልጆች እናትም ብትሆን «ሚስ» ናት፤ ይሁን። «እትዬ» ብሎ የተሳሳተ ልጅ ይታረማል፣ ጓደኞቹም ይስቁበታል። ይህ ሁሉ ሥነ ምግባር ነው ይሉናል።

ጠዋት በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ልጁ ከመኪና ወርዶ «ጉድ ሞርኒንግ ሚስ!» ይላል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ወዲያው ዞር ይልና አያቱ የሚሆኑትን ጥበቃ «አንተ፣ ምሳ ዕቃዬን አቀብለኝ» ይላቸዋል። ሽማግሌው ያቀብሉታል። መምህሯ አጠገቡ ቆማ ሰምታለች፤ አላረመችውም። እንዴት ታርመው? እሷም «አንተ» ነው የምትላቸው።

ልጅ እናቱን «አንቺ» ይላል፤ ናቃት የሚል የለም። ጥበቃው ግን እንደ ዳይሬክተሩ ሁሉ ለልጁ ባዕድ ናቸው። ዳይሬክተሩን «እርስዎ» ሲል ጥበቃውን «አንተ» ያሰኘው ደመወዝና የደንብ ልብስ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ከትልልቆቹ አፍ ለቀመው።

ከውጭ ቃል ጋር ጠብ የለኝም። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ሲመደቡ «ሚስተር» መባላቸው አግባብ ነበር፤ እንግዳ በለመደው ይጠራል። «ቲቸር»ም ቢሆን በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች አፍ ከከረመ ቆይቷል፣ የእኛው ሆኗል። የግል ትምህርት ቤቶቹ «እንግሊዝኛ እንዲለምዱ ነው» ካሉም እሰየው፣ የቋንቋ ልምምድ ነው ይበሉን። አክብሮት ብለው ግን አይሽጡልን።

አክብሮት ቢሆንማ ኖሮ ከሞግዚቷ በጀመረ። ሕፃኑ ሲያመልጠው አጥባ ልብስ የምትቀይርለት፣ እንቅልፍ ሲጥለው ፍራሽ የምታነጥፍለት እሷ ናት። በወላጆች ስብሰባ ከዳይሬክተሩ እስከ ስፖርት መምህሩ አንድ በአንድ እየተነሱ ሲተዋወቁ እሷ ከኋላ ሻይና ቆሎ ታዞራለች። ስሟን የሚጠራ የለም። ልጁም ሲፈልጋት «ነይ» ይላታል፣ ያውም ከነቁጣው።

መስከረም ላይ ለወላጅ የሚነበበው ደንብ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት በቂ ነው፤ በግቢው የሚሠራ ሁሉ፣ ጥበቃውም፣ ጽዳቷም፣ ምግብ አብሳይዋም፣ በስሙ «ጋሼ እገሌ»፣ «እትዬ እገሊት» ተብሎ በ«እርስዎ» ይጠራ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ልጆቹ ፊት ይጀምሩት። ተማሪዎቹ በሳምንት ይለምዱታል። መምህራኑን ግን እጠራጠራለሁ።