መሣሪያው ለሠራተኛው ይገዛ እንጂ ሠራተኛው ለመሣሪያው አይገዛ

የሰው ልጅ ታሪክ ከአንድ አንጻር ሲታይ የሥራና የሥራ መሣሪያ ታሪክ ነው። ከድንጋይ መጥረቢያ እስከ ማረሻ፣ ከማረሻ እስከ እንፋሎት ሞተር፣ አዲስ መሣሪያ በተፈጠረ ቁጥር አብሮት የሚነሣው ጥያቄ አንድና ያው ሆኖ ቆይቷል። ይኸውም መሣሪያውን የሚያዝዘው ማን ነው? ፍሬውስ ለማን ይውላል? የሚለው ነው። በዛሬው ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው መሣሪያ ከታላላቅ ከተሞች አልፎ ወደ ዞንና ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በር እየደረሰ ነው። ይህንኑ ጥያቄ በካፋ ዞን፣ በቦንጋ ላይ ቆሞ መመርመር ተገቢ ይሆናል። (ስያሜው ራሱ ከመሣሪያው ይልቅ ገዝፏል። ማስተዋል ኃላፊነትን የሚጨምር የሰው ጠባይ ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ ግን ለተናገረው ነገር የሚጠየቅበት አንዳች ኅሊና የለውም።)

«ሠራተኛው አዲስ ነገር አይወድም፤ ለውጥን ይፈራል» የሚለው አባባል በየስብሰባው አዳራሽ ሲደጋገም ይሰማል። አባባሉ ስንፍናን ይሸፍናል፤ የሚሸፍነው ግን የአስተዳዳሪውን እንጂ የሠራተኛውን ስንፍና አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስን ሚሊዮኖች ከመቅጽበት የለመዱት ጥቅሙን በገዛ እጃቸው ዳስሰው ስላዩት ነው። እንግዲያውስ ያው ሠራተኛ በቢሮው ውስጥ አዲስ መሣሪያ ሲቀርብለት ፊቱን ቢያዞር፣ መመርመር ያለበት አቀራረቡ ነው።

ለዚህ የራሳችን የሆነ ትምህርት አለን። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት እናስታውስ። በሳተላይት አማካይነት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይተላለፍ የነበረው ይህ ትምህርት በጎ ዓላማ ነበረው። በቂ መምህር በሌለበት የገጠር ከተማ የሚማረው ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ እኩል ዕውቀት ያግኝ ነው የተባለው። ነገር ግን ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የቴሌቪዥኑ መስኮት ሲወስደው ለመምህሩ የተተወለት በመግቢያና በመዝጊያ የምትገኝ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረች። ተማሪው ባይገባው መምህሩ ሥርጭቱን አቁሞ ሊያስረዳው አይችልም። መብራት ቢጠፋም ያመለጠው ትምህርት መምህሩን አይጠብቅም፤ ሥርጭቱ ይቀጥላል። በዚህ ዓይነት የዕድሜውን ግማሽ በጠመኔና በሰሌዳ ፊት ያሳለፈ መምህር ቴሌቪዥን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ያጉረመረመው መምህር የቴክኖሎጂ ጠላት ነበርን? ከቶ አልነበረም። ያጉረመረመው ሥራውን ስለሚያውቅና የሚያውቀውን የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ነው። መሣሪያው ወጪ ተደርጎበት መጣ፤ የመጣው ግን ከላይ ወደ ታች ነበር፤ ከታች ወደ ላይ የሚናገርበት አፍ አልተሠራለትም።

ከዚህ ተሞክሮ ተነሥተን የካፋን ተጨባጭ ሁኔታ ስንመለከት ጉዳዩ ከጽሕፈት ቤት ምቾት አልፎ የገበሬውን ኑሮ የሚነካ ሆኖ እናገኘዋለን። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌርነት በመዘገበው የካፋ ደን ቡና የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከላይ ሲታይ ጫካ ነው፤ ገብተው ሲያዩት ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት ጉርስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣውና የተፈጻሚነቱ ጊዜ ከአንዴም ሁለቴ በተራዘመው ደንብ መሠረት፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት ያልተገኘ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል። እያንዳንዱ ማሳ በምድር ላይ የሚገኝበት ነጥብ መመዝገብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነም ዙሪያ ወሰኑ ጭምር መታወቅ ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ማሳ በእግር ዞሮ መመርመር አድካሚ በመሆኑ የሳተላይት ምስልን የሚያነብበው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሥራው ተፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም።

ሆኖም መሣሪያው የሚያየው የዛፉን አናት ነው። የጥላ ቡናን ከተፈጥሮ ደን መለየት ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ አስቸጋሪ መሆኑ የታወቀ ነው። ያረጀ የጥላ ዛፍ ሲወድቅ ወይም ገበሬው ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ቅርንጫፍ ሲያሳሳ፣ ማሽኑ «ደን ተመነጠረ» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ይህች አንዲት የስሕተት ምልክት የአንድ ገበሬ ቡና ከገበያ እንዲወጣ ምክንያት ልትሆን ትችላለች። ስሕተቱን በወቅቱ ሊያርም የሚችለው ማን ነው? በጊምቦ፣ በጨና ወይም በዴቻ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረው፣ የትኛው ዛፍ በንፋስ እንደወደቀና የትኛው በመጥረቢያ እንደተቆረጠ ጠይቆ የሚያውቀው የልማት ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው በመሣሪያው ላይ የመፍረድ ሥልጣን ከተሰጠው መሣሪያውን በደስታ ይይዘዋል። የማሽኑን ውሳኔ ለገበሬው አድራሽ ብቻ እንዲሆን ከተደረገ ግን ዳግመኛ የፕላዝማውን መምህር ፈጠርን ማለት ነው።

ቋንቋም ሌላው ብርቱ ጉዳይ ነው። የካፋ ሕዝብ ቁጥር በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ870 ሺህ በላይ ነበር። ገበሬው የሚናገረው ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የመሣሪያው የትውልድ ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። አስተውሎት የተባለው ነገር የሚገነባው ከተጻፈ ጽሑፍ ክምችት በመሆኑ፣ ጥቂት ጽሑፍ ያለው ቋንቋ የሚደርሰው ጥቂት አስተውሎት ነው። ስለዚህ የወረዳው ጸሐፊ በአማርኛ የጠየቀውን ደብዳቤ ማሽኑ አሳምሮ ቢያቀርብለት እንኳ የተጠቀሰው የአዋጅ ቁጥር በእውን ያለ መሆኑን ሳያረጋግጥ ሊፈርምበት አይገባም። የባለጉዳይን ስምና ምሥጢር ባሕር ማዶ በተቀመጠ መሣሪያ ላይ መጻፍም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

አሁን ደግሞ ሁሉም በልቡ ይዞት ጥቂቶች ብቻ ወደሚናገሩት ፍርሃት እንምጣ፤ እንጀራዬን ያሳጣኝ ይሆን? የሚለው ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከሥራ ዘርፎች ሁሉ በይበልጥ ለዚህ መሣሪያ የተጋለጠው የጽሕፈት ሥራ ሲሆን፣ ከተግባሮቹ 24 በመቶ ያህሉ በከፍተኛ ደረጃ የተጋለጡ ናቸው። በአንጻሩ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ሙሉ በሙሉ በማሽን ሊተካ የሚችለው የሥራ ድርሻ ከ0.4 በመቶ እንደማይበልጥ ይኸው ጥናት ገምቷል። እንግዲህ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ የጥፋት ቀን ግን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምርታማነትን ለማሳደግ የአሠራር ዘዴ መለወጥን ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን ከሥራ ውል ማቋረጫ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ መቁጠሩን ብዙ ሠራተኛ አያውቅም። ቅነሳ ሲደረግ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር እንዳለበትም እንዲሁ። ሕጉን ሳያስነብቡ «መሣሪያውን ውደዱ» ማለት ከማታለል የሚተናነስ አይደለም።

ማሽኑ ራሱ ከሠራተኛ ላብ የተሠራ መሆኑንም አንዘንጋ። ታይም መጽሔት በጥር 2015 ዓ.ም. እንደዘገበው ቻት ጂፒቲን ከነውረኛ ንግግር ለማጥራት አጸያፊ ጽሑፎችን እያነበቡ ሲለዩ የነበሩት የኬንያ ሠራተኞች በሰዓት ያገኙት ከ2 ዶላር በታች ነበር።

በአገር ደረጃ መሰናዶው ተጀምሯል። ብሔራዊው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ጸድቋል፤ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በማግሥቱ ወር ተከፍቶ መሠረታዊ የአስተውሎት ትምህርትን ይዟል። በአጎራባቿ ጅማም ደቦ ኢንጂነሪንግ የተባለ የወጣቶች ኩባንያ የሰብልን በሽታ ከቅጠል ፎቶግራፍ የሚለይ የስልክ መሣሪያ ሠርቷል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲዞር የዋለ የልማት ሠራተኛ ማታ በገዛ ገንዘቡ ኢንተርኔት ገዝቶ ይማር ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ሥልጠናው በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታ፣ በሠራተኛው የዕለት ተግባር ላይ ተመሥርቶ መሰጠት አለበት። የክልሉ ርእሰ መስተዳድር መቀመጫ ቦንጋ ናት፤ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው። ቡናው ለለቀማ ከመድረሱ በፊት የየወረዳው የልማት ሠራተኞች በዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው ማሽኑ ያነበበውን ካርታ ከሚያውቁት ማሳ ጋር ያስተያዩ፤ ውሎ አበላቸውም ከመሣሪያው መግዣ ጋር በአንድ በጀት ይያዝ። በታረመው ካርታ ላይም የአራሚው የልማት ሠራተኛ ስም ይጻፍ።