«ተፈቅዷል» የሚለውም ደብዳቤ ይመርመር

ከቢቱዋሕ ሌኡሚ «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ቤተሰቡ በሙሉ ይነሳል። ጎረቤት ይጠየቃል፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ዘንድ ይኬዳል፣ ዕብራይስጥ የሚችል ዘመድ ይፈለጋል። «ተፈቅዷል» የሚል ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የላይኛውን መስመር አንብባ «እማዬ፣ ተፈቅዶልሻል» ትላለች፤ እናት «ተመስገን» ትላለች፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ስንት ተፈቀደ? ስንትስ መፈቀድ ነበረበት? ይህን የሚጠይቅ የለም። ከወሊድ በኋላ የሚጎድለው ገንዘብ የሚደበቀው፣ በእኔ አስተያየት፣ በተከለከለው ደብዳቤ ውስጥ ሳይሆን በተፈቀደው ውስጥ ነው።

የወሊድ ክፍያው፣ ድሜ ሌዳ የምንለው፣ ችሮታ አይደለም። በየወሩ ከደመወዝ ላይ ለቢቱዋሕ ሌኡሚ የተቆረጠው ነው የሚመለሰው። ሥራ ካቆመችበት ቀን በፊት ባሉት 14 ወራት ውስጥ 10 ወር፣ ወይም በ22 ወራት ውስጥ 15 ወር ተቀጥራ የሠራች እናት የ15 ሳምንት ማለትም የ105 ቀን ክፍያ ይገባታል። ከ14ቱ ወራት 6 ወር ብቻ የሠራች ደግሞ 8 ሳምንት ታገኛለች። የቀኑ ክፍያ የሚሰላው ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት 3 ወራት ደመወዝ ወይም በ6 ወራቱ ደመወዝ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። የ3ቱ ወር ከሆነ ጠቅላላው ለ90፣ የ6ቱ ከሆነ ለ180 ይካፈላል።

አሁን አንዲት እናት እናስብ። ጠዋት በአንድ ቃብላን ሥር ቢሮ ታጸዳለች፣ በወር 4,000 ሸቄል። ማታ በሌላ ቃብላን ሥር ትምህርት ቤት ታጸዳለች፣ 2,500 ሸቄል። ሁለቱ ተደምረው 6,500 ናቸው። በ3 ወር 19,500፤ ለ90 ሲካፈል በቀን 216 ሸቄል ከ67 አጎሮት፤ በ105 ቀን 22,750 ሸቄል ይሆናል። ማመልከቻው ላይ የጠዋቱ አሠሪ ብቻ ከተጻፈ ግን ስሌቱ በ4,000 ይሄድና 14,000 ሸቄል ይወጣል። ልዩነቱ ግብርና ሌላው ተቀናሽ ሳይነካው 8,750 ሸቄል ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ቃል ግን በሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ «ተፈቅዷል» ይላል።

ሌላም አለ። በእርግዝናዋ መጨረሻ ሰዓቷ የተቀነሰባት ሴት የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ደመወዝዋ ዝቅ ያለ ነው፤ የ6ቱ ወር ስሌት ያዋጣታል። ቃብላን የተቀየረባትም አለች። መጥረጊያው ያው፣ ሕንጻው ያው፣ አለቃዋም ያው ሆኖ ትሉሹ ላይ ያለው የኩባንያ ስም ብቻ ተለውጧል። የቀድሞው ቃብላን ትሉሾች ካልቀረቡ ጥቂት ወር ብቻ የሠራች ትመስልና በ15 ሳምንት ፋንታ 8 ሳምንት ሊሰጣት ይችላል። የደመወዙን ከፊል በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ትሉሽ፣ የምትቀበለዋን ሳስብ ደግሞ ያናድደኛል። «ሳይቆረጥ ተሰጠኝ» ብላ ትደሰታለች፤ አልጋ ላይ ስትውል ግን ያ ገንዘብ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም።

ሽማግሌዎቻችን በዚህ ጊዜ የሚሉትን እናውቃለን። «ተዪው ልጄ፣ ከመንግሥት ጋር አትካሰሺ፣ ያገኘሽው ይባረክልሽ» ይላሉ። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ በጎረቤት ጠብ መካከል ቢሆን እኔም እቀበለው ነበር። እዚህ ላይ ግን በአክብሮት አልስማማም። ቢቱዋሕ ሌኡሚ ደሙን የምናበርድለት ባላጋራ አይደለም። የስሌት ጥያቄ ብታቀርቡለት አይቀየምም፤ ዝም ብትሉትም አያመሰግናችሁም። እንዲያውም ሕጉ ራሱ ሙግት እንደሚኖር አስቦ በር ከፍቷል። ውሳኔውን የማይቀበል ሰው ወደ አካባቢው የሥራ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ጉዳይ የፍርድ ቤት ክፍያ የለም። የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ እርዳታ ክፍልም በዚህ ዓይነት ጉዳይ ጠበቃ ሲያቆም ገቢን አይመረምርም፤ የሚያየው ጉዳዩ የማሸነፍ ዕድል እንዳለው ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለው ጊዜ ውሳኔው ከደረሰ ጀምሮ 12 ወር ነው። ይህን ደጋግሜ የምለው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ስለሆነ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አሠሪው ይለመናል፤ አሠሪው «የሒሳብ ሠራተኛዋን አነጋግራለሁ» ይላል፤ ፋሲካ ያልፋል፣ የመስከረም በዓላት ይመጣሉ፣ «ከበዓል በኋላ» ይባላል። ወይም ለቅርንጫፍ ቢሮው ደብዳቤ ይጻፍና መልሱ ይጠበቃል። መጻፉ ተገቢ ነው፤ የጎደሉትን ትሉሾች አያይዞ ስሌቱ እንዲታረም መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ያልቃል። ነገር ግን መልስ እየጠበቁ 12 ወሩን ማሳለፍ አደገኛ ነው፤ በመጻጻፍ ሰዓቱ ይቆማል ብላችሁ አትተማመኑ። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ። ያስገባችሁትን ወረቀት ግልባጭ ማኅተም አስደርጉበት፣ ወይም በራሹም ላኩ።

ጥፋቱ የአሠሪው ከሆነ፣ ማለትም ደመወዙን አሳንሶ ከጻፈ ወይም ጨርሶ ካልከፈለ፣ እሱን በደመወዝ ለመጠየቅ 7 ዓመት አለ። «ያባርረኛል» የሚለውን ፍርሃት እረዳለሁ። ሆኖም ከወሊድ ፈቃድ በተመለሰች በ60 ቀን ውስጥ እናትን ያለ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ማሰናበት በሕግ የተከለከለ ነው።

በየወሩ 20ኛው ቀን የሚገባው የልጆች አበል ሌላ ነገር መሆኑንም ልብ በሉ። እሱ ገብቷል ማለት የወሊዱ ክፍያ ተስተካክሏል ማለት አይደለም።

ለመንግሥትም አንድ ቃል አለኝ። የሌሊት ጡት ከምታጠባ ሴት የ90ና የ180 ስሌት መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ደብዳቤው ላይ «ይህ ክፍያ የተሰላው በእነዚህ አሠሪዎችና በእነዚህ ወራት ነው፤ የቀረ አለ?» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ቢጨመር ምን ያህል ወረቀት ይፈጃል? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን የቤተሰቡ አስተርጓሚና ጠበቃ ማድረግም ያበቃ ነበር።

12 ወሩ ያለፈባችሁም ትሉሾቹን አትጣሉ። በወሊዱ ዓመት የተወሰኑ ወራት ብቻ ሠርታ፣ ከደመወዟም ሆነ ከወሊድ ክፍያዋ የገቢ ግብር የተቆረጠባት እናት ከሚገባው በላይ ከፍላ ሊሆን ይችላል። ከማስ ሃክናሳ ተመላሽ መጠየቅ የሚቻለው እስከ 6 ዓመት ወደኋላ ነው፤ አባትም ለትንንሽ ልጆቹ የግብር ነጥብ ስላለው የእሱም ወረቀት አብሮ ይታይ።