ጫት፣ ኤች አይ ቪ እና የሸይኹ ምክር

ከአወዳይ የተነሣ ጫት በሐረር በኩል ጅግጅጋ ገብቶ፣ በቶጎ ውጫሌ ድንበር ተሻግሮ ሶማሌላንድ የሚደርሰው በጥድፊያ ነው። ሾፌሮቹ ያለ ምክንያት አይቻኮሉም፤ በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ጫቱ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ አብዛኛው ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣልና። ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ሁሉ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል።

ጫት ራሱ ኤች አይ ቪን አያስተላልፍም። አደጋው የሚብሰው ምርቃናውን ለማብረድ መጠጥ ሲከተል፣ ማለትም በጨብሲ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመና ከ20 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ያካተተ ጥናት፣ በየቀኑ መቃምም ሆነ አልኮል መጠጣት ጥንቃቄ ከጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል። በጅግጅጋ በርጫው በይፋ ይታያል፤ ጨብሲው ግን በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ ነውር ስለሆነ ይደበቃል። ይህን የሚደብቅ ሰው ለጤና ባለሙያም እውነቱን አይናገርም።

በእኛ እምነት፣ እርዳታው በሸይኹ በኩል ቢጀመር ይበጃል። በረመዳን ቃሚው ቀኑን ሙሉ ከቅጠሉ ይታቀባል፤ የሚከብደው ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሌሊት ነው። ድካሙ፣ ብስጭቱና ዱካኩ የእምነት ጉድለት ሳይሆኑ አንጎል ራሱን እስኪያስተካክል የሚታዩ ምልክቶች መሆናቸውን ከሚያከብራቸው ሸይኽ ቢሰማ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ይልቅ ይረዳዋል። እርግጥ ነው፣ ዑለማው ስለ ጫት አንድ ቃል የላቸውም፤ በሐረር አካባቢ ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት የሚቅሙም አሉ። ስለ ጨብሲ ግን ክርክር የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የኡጋንዳ እስላማዊ የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ኢማሞችን ስለ ኤድስ አሠልጥኗል። በመጀመሪያ ኮንዶምን የተቃወሙ ኢማሞች ነበሩ፤ ከረጅም ውይይት በኋላ ግን በባልና ሚስት መካከል ስለ መጠቀሙ ማስተማር ተችሏል።

ሆኖም ሸይኹ ቫይረሱን የኃጢአት ቅጣት አድርገው ከሰበኩ፣ ቃሚው ምርመራውንም መስጊዱንም ይሸሻል። ስለዚህ ሥልጠናው ምሥጢር ከመጠበቅ ቢጀምር እንመርጣለን። ዱዓውም መድኃኒቱን የሚተካ ተደርጎ መቅረብ የለበትም፤ ክኒኑን በየቀኑ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሆኖ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ይህንንም ሸይኹ ከሚንበሩ ሊናገሩት ይገባል።

በጅግጅጋ ገበያ ጫቱን የሚሸጡት ግን በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል እርዳታ የምትሻ ብትኖር ገመናዋን ለወንድ ሸይኽ አትገልጥም፤ ለእርሷ የሚሠለጥኑ ሴት ኡስታዞች ያስፈልጋሉ።