የዓይን ሥር ጥቁረትና ሴረሙ፤ ከመግዛትም ከመንቀፍም በፊት

የዓይን ሥር ጥቁረትን ያደበዝዛል የተባለ ሴረም ገዝቶ መሞከር ብልህነት ነው ወይስ ገንዘብ ማባከን? በዚህ ጉዳይ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሳይንስ ያመጣውን መጠቀም ምን ነውር አለው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ደኅና እንቅልፍና ደኅና ምግብ ያልፈታውን ብልቃጥ አይፈታውም» ብሎ ይመልሳል። የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉኑኖም ሆነ በሶዶ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በእናትና በልጅ ወይም በእኅትማማቾች መካከል ነው። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ስላለ፣ ለአንዱ ቶሎ ከመፍረድ የየአንዳንዱን ክብደት ማየት ይሻላል።

ከደጋፊዎቹ እንጀምር። በደረሰችበት ሁሉ «አመመሽ እንዴ? ምነው እንዲህ ጠቆርሽ?» የምትባል ወጣት መምህርት፣ ወይም ለጊፋታ በዓል ዘመድ ልትጠይቅ የምትሰናዳ ልጅ፣ ጥቁረቱን ማደብዘዝ ብትፈልግ ቅብጠት ሊባልባት አይገባም። ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚያድር ወንድም ቢሆን የፊቱ ነገር ያሳስበዋል። ከዚህም በላይ፣ በእነዚህ ሴረሞች ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች መሠረት የሌላቸው አይደሉም። ካፌይን የደም ሥሮችን ለጊዜው ያጠባል፤ የጠዋት እብጠትንም በመጠኑ ይቀንሳል። ቫይታሚን ሲና ኒያሲናማይድ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን በሚመረትበት ወይም በሚሠራጭበት መንገድ ላይ ይሠራሉ። ሬቲኖል ቆዳን የሚያጠነክረው ኮላጅን እንዲመረት ያግዛል። ሃያሉሮኒክ አሲድም ውኃ ስለሚይዝ ስስ መስመሮችን ለጊዜው ይሞላል።

ይሁን እንጂ የሚጠበቀው ውጤት ልከኛ ነው። የካፌይን ሥራ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ቀለም ላይ የሚሠሩትም ለውጥ ቢያመጡ እንኳ ለውጡ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በተከታታይ ከተቀቡ በኋላ ነው፤ ሲታይም ጥቁረቱ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። በዚህ መስክ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ ለአጭር ጊዜ የተካሄዱ ስለሆኑ ድምዳሜያቸውን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ማስታወቂያ ላይ ጎን ለጎን የሚቀርቡት ፎቶዎችም ብዙ አያስረዱም። መብራቱ ከላይ ሲመጣና ከፊት ሲመጣ የአንዱ ሰው ፊት ብቻውን ሁለት ዓይነት ሊመስል ይችላል።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብም ተራ ወግ አጥባቂነት አይደለም። የዓይን ሥር ቆዳ ከሰውነት ቆዳ ሁሉ በጣም ስስ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስለዚህ የእንቅልፍ ማጣት፣ የድካምና የደም ማነስ ምልክት ሌላ ቦታ ከመታየቱ በፊት እዚያ ሊታይ ይችላል። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ውኃ የምትቀዳ፣ ጭስ በሞላበት ማድ ቤት የምትውል፣ ማታም ሕፃን የምታባብል እናት ዓይኗ ሥር ቢጠቁር ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ሴረም መሸጥ ምልክቱን እያደበዘዙ ምንጩን መተው ሊሆን ይችላል። በወላይታ ቆላማ ቀበሌዎች ወባ፣ በብዙ ቦታ ደግሞ የአንጀት ጥገኛ ትሎች ደም እንደሚያሳንሱ የጤና ባለሙያዎች ያውቃሉ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የሄሞግሎቢን መጠን በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች ከሆነ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ የደም ማነስ አለባት ይባላል። ፊት ሲገረጣ ደግሞ የዓይን ሥር ጥቁረት ጎልቶ ይታያል።

በዚህ በኩልም ቢሆን ክፍተት አለ። የዓይን ሥር ጥቁረት ሁሉ የእንቅልፍ ወይም የምግብ ጉድለት አይደለም። በጠይም ቆዳ ላይ ከአያት ከእናት የወረደ ጥቁረት የተለመደ ነው፤ ያ ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛም ጥቁረቱ ከቦታው አይነቃነቅም። ደግሞ ለደከመች እናት «ተኚ እንጂ» ማለት ቀላል ነው፤ የሚተኛበትን ጊዜ የሚሰጣት ግን የለም። ምክሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ሊፈጸም የማይችል ከሆነ፣ በመካሪውና በተመካሪዋ መካከል ቅሬታን ብቻ ይተዋል።

እንግዲህ ክርክሩን ፈር የሚያስይዘው የጥቁረቱን ምንጭ መለየት ይመስላል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በአራት ይከፍሉታል፦ የቆዳው ቀለም የበዛበት፣ ከሥር ያሉት የደም ሥሮች የሚታዩበት፣ የጉንጭና የዓይን መጋጠሚያ ጎድጉዶ ጥላ የሚጥልበት፣ እና እነዚህ የተቀላቀሉበት። የተቀላቀለው የተለመደ ነው። ምርመራን ባይተካም፣ በቤት ውስጥ መነሻ የሚሆን መፈተሻ አለ። ቀን ላይ በመስኮት ፊት ለፊት ቆመው መስታወት ይያዙ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ቆዳ በጣትዎ ቀስ አድርገው ወደ ጎን ሳብ ያድርጉት። ቡናማው መልክ ከቆዳው ጋር አብሮ ሄዶ ሳይለወጥ ከቆየ ነገሩ ወደ ቀለም ያደላል። ቆዳው ሲሳሳ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ መልክ ጎልቶ ከወጣ የደም ሥር ሊሆን ይችላል። ፊትዎን ወደ ብርሃኑ ቀና ሲያደርጉ ጥቁረቱ ከጠፋ ደግሞ አብዛኛው ጥላ ነው፤ ጥላን የሚያነሣ ሴረም የለም።

ምንጩ ከታወቀ ብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ትርጉም ያገኛል። የደም ሥር ለሆነው ካፌይን ያለበት፣ ቀለም ለሆነው ኒያሲናማይድ ወይም ቫይታሚን ሲ ያለበት የተሻለ ዕድል አለው። ሬቲኖል ለአንዳንዱ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቆዳ ያስቆጣል፣ እርጉዝ ሴትም እንድትጠቀምበት አይመከርም። ቫይታሚን ሲ በብርሃንና በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ ውሎ ወደ ቡናማ የተለወጠ ብልቃጥ የመጠቀሚያ ጊዜው ባያልፍም ጥቅሙ ያጠራጥራል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ብዙ ጊዜ የሚተወው ጠባሳ ጥቁረት ነው። ሴረሙ ካቃጠለ፣ ካሳከከና ሰው ካሸው፣ ሊያጠፋው የታሰበውን ጥቁረት ራሱ ሊያባብሰው ይችላል። ፀሐይም እንዲሁ ነው። ሶዶ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ የምትርቅ፣ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እንዲህ ባለ ቦታ ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ ወይም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ሳይጠቀሙ ማታ ሴረም መቀባት፣ የማታውን ሥራ ቀን ላይ ማፍረስ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ተቃዋሚዎችን ይበልጥ የሚያስፈራቸው የመዋቢያ ገበያው ነው፤ ፍርሃታቸውም ምክንያት አለው። «ያነጣል» ተብለው ከሚሸጡ ቅባቶች መካከል ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ የተገኘባቸው በብዙ አገሮች አሉ። ስቴሮይድ ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ የዓይን ግፊትና የዓይን ሞራም ሊያስከትል ይችላል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት፣ ለመመለስ የሚያስቸግር ሰማያዊ ግራጫ ጥቁረት ሊተው ይችላል። ሜርኩሪን በተመለከተ፣ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በሙሉ እስከ 2025 ከገበያ እንዲወጣ ተስማምተዋል። ለፍትሕ ሲባል ግን ይህ አደጋ በእያንዳንዱ ሴረም ላይ የሚጣል አይደለም። ይዘቱ በግልጽ የተጻፈበት የካፌይን ሴረምና ስሙ የማይታወቅ የማንጫ ቅባት በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም።

ችግሩ ገዢው ሁለቱን በምን ይለያቸዋል የሚለው ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ከከለከላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል መዋቢያዎች ነበሩበት፤ ክልከላው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የብር ዋጋ ስለወረደ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተወዷል። ዕቃ ሲወደድ ደግሞ ፎርጅዱ ይበዛል። በቴሌግራም የሚሸጥ ብልቃጥ ኦሪጅናል ይሁን አይሁን ከፎቶው መለየት አዳጋች ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ አጠራጣሪ ምርት ያየ ሰው በነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ሊጠቁም ይችላል። ሆኖም የትኛውም ተቆጣጣሪ በየመንደሩ ሱቅ ሊቆም ስለማይችል፣ የመጀመሪያው ጥንቃቄ በገዢው እጅ ይቀራል።

«እንግዲያው የቤቱ ይሻላል» የሚሉም አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ዓይን ላይ ማድረግ እብጠትን ይቀንሳል፤ ወጪውም የለም። ከቤት የመጣ ሁሉ ግን ገር ነው ማለት አይደለም። ሎሚ ዓይን ሥር መቀባት ቆዳውን አቃጥሎ ያጠቁራል። ከተለያዩ አገሮች በተወሰዱ የኩል ናሙናዎች ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። አንዱን የኩል ዘንግ ለብዙ ሰው መጠቀምም የዓይን በሽታን ያስተላልፋል፤ ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የትራኮማ ጫና ከከበደባቸው አገሮች ግንባር ቀደም በመሆኗ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአለርጂ ወይም በጭስ ምክንያት ዓይኑን ዘወትር የሚያሽ ሰውም ከሴረሙ በፊት ማሳከኩን ቢታከም፣ ጥቁረቱ በከፊል ለብቻው ሊቀንስ ይችላል።

እዚህ ላይ ምርጫው የገንዘብ ጭምር ነው። የብልቃጡ ዋጋ ለአንዱ ቤት የሻይ ወጪ ያህል ነው፤ ለሌላው የሳምንት አስቤዛ ነው። ሁለቱን በአንድ ምክር መሸኘት አይቻልም። ቶሎ የሚደክማት፣ ስትነሣ የሚያዞራት ወይም የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት ገንዘቧን አስቀድማ ለደም ምርመራ ብታውለው ይመረጣል። ጤናዋ የተሟላ፣ ጥቁረቱም በቤተሰብ የመጣ ለሆነባት ግን «አትግዢ» የሚላት አሳማኝ ምክንያት የለም።

ስለዚህ መካከለኛው መንገድ የሚከተለውን ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወጪ የሌለባቸውን ይሞክሩ፦ የተቻለውን ያህል መተኛት፣ ዓይንን አለማሸት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ከፀሐይ መከለል። ከዚያ በኋላ መግዛት ካስፈለገ ከፋርማሲ ወይም ከሚታወቅ ሱቅ፣ ያልተከፈተ፣ ይዘቱና የመጠቀሚያ ጊዜው የተጻፈበት አንድ ምርት ብቻ ይግዙ። ለጀማሪ ከሬቲኖል ይልቅ ካፌይን ወይም ኒያሲናማይድ ያለበት ይመረጣል። መጀመሪያ በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብተው ለሁለት ቀን ይጠብቁ። ምንም ካልተፈጠረ የምስር ቅንጣት የምታህል ጠብታ ከዓይን በታች ባለው አጥንት ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ራቅ አድርገው ሳያሹ ያስነኩ። ፎቶ የሚያነሡ ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ መስኮትና በአንድ ሰዓት ይሁን። በ12 ሳምንት ለውጥ ከሌለ፣ ሌላ ብልቃጥ ከመጨመር ቢያቆሙት ይሻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሦስት ቅባት በአንድ ጊዜ የጀመረች ሰው የትኛው እንደጠቀማት፣ የትኛውም እንደጎዳት ለማወቅ ትቸገራለች።

ማመንታት የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ጥቁረቱ ድንገት የመጣ፣ በአንድ ዓይን ብቻ የታየ፣ ሕመም ያለበት፣ ወይም ከፊትና ከእግር እብጠት ጋር የመጣ ከሆነ ነገሩ የመዋቢያ መሆኑ ቀርቷል። ቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ሶዶ ባለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መታየት ይገባዋል። ቅባት ከተቀቡ በኋላ እይታ ከደበዘዘም ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ነው።

በተረፈ እናቶች ልጆቻችሁን ብልቃጥ ስላያችሁባቸው አትንቀፏቸው፤ በላዩ የተጻፈውን አብራችሁ አንብቡት። እናንተም ልጆች፣ «ደምሽን ታይተሻል ወይ?» ስትባሉ እንደ ወቀሳ አትስሙት። የታወቀ ይዘት ያለውን ሴረም በልክ መሞከር የሚያስነውር አይደለም፤ «በሳምንት ያነጣል» የሚለውን ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።