ሁለት እግር አለኝ ተብሎ…

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት ያህል የወጣቶቻችንን ቅስም የሰበረ አባባል መኖሩን እጠራጠራለሁ። ልጁ ሕንጻ ይነድፋል። የነደፈውን ወንበር ራሱ ቆርጦ ይበይዳል። ማታ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ፕሮግራም ይጽፋል። ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ታዲያ «ለመሆኑ አንተ ምንድን ነህ?» ይሉታል። አርክቴክት ነኝ ቢል «ብየዳ ውስጥ ምን አገባህ?»፣ ፕሮግራም እጽፋለሁ ቢል «ዲግሪህ የታለ?»። ሁሉን ጀማሪ፣ አንዱንም ያልጨረሰ ተብሎ ይመለሳል።

እኔ ግን ተረቱ እዚህ ላይ አይሠራም ባይ ነኝ። ዛፉ አንድ ነው፤ ሦስት የሆነው ቅርንጫፉ ነው።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የተለመደው ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርክሾፕ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ንድፍ አውጪ ወርዱ 61 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ ይስላል። ሁለት ጊዜ 61፣ 122፤ በወረቀት ላይ ልክ ነው። አናጺው ጋ ሲደርስ ግን መጋዙ ራሱ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል፤ ሁለተኛው ሳንቃ ይጎድላል። ለአንድ ጣውላ ሁለት ይገዛል ማለት ነው። ሦስቱንም የሚያውቀው ልጅ ግን የጣውላውን ስፋትና መጋዙ የሚበላውን አስቀድሞ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባል። ልኩ ሲቀየር ሁሉም ክፍል አብሮ ይስተካከላል፤ ቁርጥራጩም ብክነቱ በሚያንስበት መንገድ ይደረደራል። ስንቱ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ይህ ቅንጦት ነው እንዴ?

ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ አለ። ሕንጻውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለቀለም መስታወት ንድፍ ያወጡት ደግሞ ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ሰዓሊ ሆኑ፤ ሐረር ላይ የራስ መኮንንን ሐውልት ሠሩ፤ የፖስታ ቴምብር ነደፉ፤ መኖሪያቸውን ቪላ አልፋንም ራሳቸው ነደፉ። የዛሬ የቅጥር ኮሚቴ ቢያገኛቸው «እርስዎ መሐንዲስ ነዎት ወይስ ሰዓሊ?» ብሎ ፋይላቸውን በመለሰላቸው ነበር!

ሶፍትዌሩስ ቢሆን ከግንባታ ጋር ባዳ ነው ያለው ማነው? አይስአዲስ የተባለው የቴክኖሎጂ ፈጠራ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ልደታ በሚገኘው የሥነ ሕንጻ ተቋም ግቢ ውስጥ ነው። ኮድ ጸሐፊውና ቤት ነዳፊው በአንድ በር ገብተዋል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ችግሩ የሙያው ብዛት አይደለም። አንዱ ሙያ እጅ የሚያቆሽሽ መሆኑ ነው። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን አልሞተም፤ ከረባት አሠረ እንጂ። ዛሬ «ተምረህ ተምረህ ብየዳ?» ተብሎ ይነገራል። ኮምፒዩተር የነካውን እናደንቃለን፤ መዶሻ ያነሳውን እናዝንለታለን፤ ሁለቱንም የያዘውን ግን ምን እንደምንለው እንኳ አናውቅም።

«ያደገው ዓለም የሚሠራው እኮ በስፔሻሊስት ነው» የሚሉ አሉ። አልክድም። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ላድርግ የሚል አናጺ ቢመጣ እኔም እሸሻለሁ። የሕንጻ ጥንካሬ ስሌትም ኃላፊነቱን በሚወስድ መሐንዲስ ይፈረም። ነገር ግን ስፔሻሊስቶቹን የሚያገናኝ፣ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚተረጉም ሰው ከሌለ አርክቴክቱ ወረቀቱን፣ ብረት ሠሪው ግምቱን፣ ባለኮምፒዩተሩ ስክሪኑን ይዞ ይቀራል። ኪሳራውን የሚከፍለው ቤት አሠሪው ነው።

ስለዚህ ቀጣሪዎች ከዲግሪው ስም ቀጥሎ የሠራውን ዕቃ አስመጥተው ይዩ። ትምህርት ቤቶችም በአንድ ማለዳ ጉብኝት ሳይወሰኑ ተማሪውን ብየዳ ቤት አስገብተው ያክርሙት፤ ነጥብም ይስጡት።

ካዛንቺስን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ ራሱ የመጣው በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሰፊው ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። ነዳፊና ሠሪ የሚማማሩት በጉርብትና ነው። ንድፉ ጠዋት ተሠርቶ፣ ከሰዓት ተሞክሮ፣ ማታ የሚታረመው ወርክሾፑ በእግር የሚደረስበት ሲሆን ነው። አዲሱ ካዛንቺስ ምድር ቤቱን በሙሉ ለካፌና ለባንክ ካከራየ፣ እነዚህን ልጆች የሚያፈራው ሰፈር የት ሊሆን ነው? ከየሕንጻው ሥር ለመጋዝና ለብየዳ ማሽን የሚሆን፣ በተመጣጣኝ ኪራይ የሚሰጥ አንድ ክፍል ይተው። ጩኸቱ የሚረብሻቸው ካሉ ግድግዳውን ድምፅ እንዳያሳልፍ አድርጎ የሚነድፍላቸው ልጅ አይጠፋም።